የጾሙ ማይክሮዌቭ እና ገጽ ሠላሳ ስምንት

መሥሪያ ቤታችን ሁለት ማይክሮዌቭ አለው። ነጩ የጾም ነው፣ ጥቁሩ የፍስክ። ታሪኩን ከማይክሮዌቭ የምጀምረው የምናገረው አጥቼ አይደለም። እሱን ሳታውቁ የቀረውን ብነግራችሁ ውሸታም ትሉኛላችሁ። አውቃችሁም ልትሉኝ ትችላላችሁ፤ ሚስቴ ሃያ ስድስት ዓመት አውቃኝ ዛሬም ትለኛለች።

ቢሮው ሲያትል፣ ስካይዌይ ሰፈር፣ በጎማ ቤትና በፀጉር ቤት መካከል ተጣብቆ የቆመ ነው። ከግራ የጎማ፣ ከቀኝ የፀጉር ቅባት ሽታ ይገባል፤ መሐል ላይ እኛ አለን። ሥራችን ሕመምተኛ ማመላለስ ነው። ኩላሊቱን የሚታጠበውን፣ ዓይኑን የተሠራውን፣ ወገቡ የተያዘውን ከቤቱ አንሥተን በቫን ክሊኒክ እናደርሳለን፤ ሲጨርስ እንመልሳለን። አለቃችን በአንድ አሮጌ ቫን ጀምሮ አሥራ አራት አድርሷቸዋል። እኔና እሱ በአንድ ዓመት ዲቪ ደርሶን መጥተን፣ ሌክ ሲቲ አንድ ክፍል ለሦስት ተከራይተን፣ በአንድ ካፖርት ተራ በተራ እየወጣን ክረምት ያለፍን ነን። ስለዚህ ሠራተኛው ሁሉ አንቱ ሲለው እኔ ብቻ አንተ እለዋለሁ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጸሎተኛ ነው። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምስም። ሁዳዴ ሲገባማ ከመክሳቱ የተነሣ የመኪና ቀበቶ ሁለት ጊዜ ነው የሚዞረው። ሹፌሮቹ ግን ከየሃይማኖቱ የተለቀምን ነን። አንድ ዓርብ ጴንጤው ሹፌር ሳያስበው ጥብሱን በነጩ ማይክሮዌቭ አሞቀ፤ ያኔ የነበረን እሱ ብቻ ነው። አለቃ ማይክሮዌቩን ከነገመዱ ነቅሎ፣ ቫን የፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ቀበቶ አስሮለት፣ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ ጠበል አስረጭቶ መለሰው። ለሁለት ሳምንት በተከፈተ ቁጥር ብልጭ ይል ነበር። ውኃ ገብቶበት ይሁን ጸጋ ወርዶበት እስከ ዛሬ አልለየንም።

ከዚያ ሹፌሮቹ አዋጥተው ጥቁሩን ገዙ። አለቃ አሁንም ሰላም አጣ። "ማይክሮዌቩ የእነሱ ነው፤ ኦኬ" አለኝ። "ሶኬቱስ? በጾም ቀን ሥጋውን የሚያሞቀው የእኔ መብራት ነው እኮ!" ወደ ነፍስ አባቱ ሄዶ ጠየቀ። "አንተ ነጩን ተመልከት" አሉት። ከዚያ ወዲህ አለቃ ምሳ የምንበላበት ብሬክ ሩም የሚገባው በጎኑ ነው፤ ጀርባውን ለጥቁሩ ሰጥቶ፣ ግድግዳውን እየታከከ።

ይህንን ሁሉ የምናገረው ሰውዬው አስመሳይ እንዳይመስላችሁ ነው። አስመሳይ ቢሆን ኖሮ እኔም አላብድም ነበር።

ኢንሹራንስ ያለን በእሱ በኩል ነው። በየዓመቱ የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስ የዕድር መዝገብ የሚያህል መጽሐፍ ይመጣል፤ አለቃ የመጨረሻው ገጽ ላይ ይፈርማል፤ መጽሐፉ ብርድ የሚያስገባውን በር ለመደገፍ ይሄዳል። አራት ዓመት እንዲህ ቆየን። አምና ግን አንድ ረቡዕ ጠዋት ጠርቶኝ "አንተ እንግሊዝኛህ ጥሩ ነው" አለኝ። "ምሳ ላይ ለሠራተኛው በአማርኛ አስረዳ። ዓይን ይሸፍናል፣ ጥርስ ይሸፍናል የሚለውን ንገራቸው። ሰው ያለውን መብት ይወቅ።"

የእኔ በሽታ ማሳቅ ነው። ሰው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ካልሳቀ ግፊቴ ይወጣል። ጭራሽ መጽሐፍ ተሰጥቶኝ፣ መድረክ ተሰጥቶኝ፣ አሥራ አምስት ሰው ምሳውን ይዞ አፌን እያየ! ተነሣሁ፤ ናፕኪን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁ፤ መጽሐፉን በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ እንደ ዲያቆን በዜማ ማንበብ ጀመርኩ። "ዓይንን ይሸፍናል፤ መነጽርንም ይሸፍናል፤ ጥርስን በከፊል ይሸፍናል..." ጴንጤው ሹፌር እንኳ "አሜን" ይላል። ሐጂ፣ የሰባ ዓመት ሹፌራችን፣ ስምንት ልጅ ያሳደጉ የወሎ ሰው፣ ዕንባቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። ሞቅ እያለኝ ሄደ። ገጽ ሠላሳ ስምንት ላይ ደረስኩ። አንድ ብልህ ሰው ቢሆን ገጹን ይገለብጠው ነበር።

"የወሊድ መቆጣጠሪያን ይሸፍናል! ክኒኑን ይሸፍናል፤ ሉፑን ይሸፍናል፤ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውንም ይሸፍናል! ለዚህም ሁሉ አለቃችን በሙሉ ልቡ፣ በሙሉ ነፍሱ ይከፍላል!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የጎማ ቤቱ ሰዎች ምን ፈነዳ ብለው ብቅ አሉ። ሳቁ ጋብ ሲል አለቃን አየሁት። ዘጠኝ ሰዓት ስላልደረሰ ምሳ አልያዘም፤ እጁ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ቀርቷል።

"ማን ነው የሚከፍለው?" አለ ቀስ ብሎ።

"አንተ ነሃ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከፈረምክበት ጊዜ ጀምሮ። አራት ዓመት መሆኑ ነው።"

ተነሥቶ ወጣ። ሲወጣ በጎኑ መሄዱን ረስቶ ጥቁሩን ማይክሮዌቭ ፊት ለፊት አይቶት አለፈ። ያኔ ነገሩ ቀልድ አለመሆኑ ገባኝ።

ከፓርኪንጉ ሳልወጣ ዲስፓቸሯ ደረሰችብኝ። ስለ እሷ ገና አልነገርኳችሁም። ሁላችንን የምታንቀሳቅሰን እሷ ናት፤ በሬዲዮ ማን የት ይሂድ፣ ማን ማንን ያንሣ የምትለው። እሷ አንድ ቀን ብትቀር ሲያትል ውስጥ ግማሹ ሰው ኩላሊቱን ሳይታጠብ ያድራል። ይህን ልጽፍ ሳስፈቅዳት "ይጻፉ፤ ግን ቀጭን ያድርጉኝ" ብላኛለች። ስለዚህ ቀጭን ናት። አራት ዓመት ሙሉ እኔን ጋሼ ስትል፣ በአንቱ ስታናግረኝ ነበር። ያን ቀን ከጋሼነት የወረድኩት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

"አንተ ሰውዬ! ስትስቅ ጥርስህ ይርገፍ!"

"ምን አደረግሁሽ?"

"ምን አደረግሁሽ ትለኛለህ? ሦስተኛዋን ስወልድ ሳምንት ሙሉ ሆስፒታል መተኛቴን ረሳኸው? ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? አራተኛ ካረገዝሽ እነዚህን ሦስቱን ማን እንደሚያሳድጋቸው ከአሁኑ አስቢበት አለኝ።" እጅጌዋን ሰብሰብ አድርጋ ክንዷን አሳየችኝ። "እዚህ ጋ ነው ያለው። ጊዜው አልቋል። ቀጠሮዬ የሚመጣው ወር በገባ በሁለተኛው ሰኞ ነው፤ ከዚያ በፊት ቦታ የለም አሉኝ። የአሁኑ ኢንሹራንስ የሚያበቃው ደግሞ በዚህ ወር መጨረሻ ነው። አለቃ ገጿን ካስቀደዳት በየት በኩል ልግባ?"

"ባልሽ..."

"ባሌ ያውቃል፤ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሲያለቅስ የነበረ እሱ ነው። የማታውቀው እናቱ ናት። ሦስት ሴት ልጅ አይበቃም፣ ወንድ ካላየሁ አገሬ አልመለስም ብላ ሳሎን ተቀምጣለች። ከኪሴ ከፍዬ ላድርገው ብል ሂሳቡ በፖስታ ቤቴ ድረስ ይመጣል። ፖስታ ሁሉ የምትከፍተው እሷ ናት! እንግሊዝኛ አታነብም፤ ቤተ ክርስቲያን ይዛው ሄዳ ነው የምታስነብበው።"

"ለማን?"

"ላገኘችው! ባለፈው የባሌን የኮሌስትሮል ውጤት ጉባኤ ላይ አስነብባለች።"

ሳቄ ሊመጣ ሲል ዋጥኩት። "አባ ያውቃሉ?" አልኳት። አባ የአለቃም የእሷም የነፍስ አባት ናቸው።

"ሁሉን ነግሬያቸዋለሁ። ልጆችሽን አሳድጊ ነው ያሉኝ" አለችና ቢሮ ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ በሬዲዮ "ቁጥር ስምንት፣ ሬንተን" አለችኝ። ቁጥር ስምንት እኔ ነኝ። ቁጥር ሆኜ ቀረሁ።

በማግሥቱ ፍሪጁ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። አለቃ የእጅ ጽሑፉ ያምራል፤ ከዳር እስከ ዳር የተሰመረ መዝገብ ይመስላል። ከላይ "በገጽ ሠላሳ ስምንት የማልጠቀም መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ" ይላል፤ ከሥሩ የሁላችንም ስም በተራ ተጽፏል።

"ሁሉም ከፈረመ የኢንሹራንሱ ኩባንያ ገጹን እንዲያወጣልኝ እጠይቃለሁ" አለኝ። "አንድ ሰው እንኳ ከጎደለ ነገ ዓርብ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ኢንሹራንሱን ሙሉውን ካንስል አደርገዋለሁ።"

"ሙሉውን? የእኔ የግፊት ክኒንስ? የሐጂ ጉልበትስ?"

"እግዚአብሔር ያውቃል።"

እኔ ሞኙ፣ ወረቀት ካየሁ እጄ አያርፍም፤ ሳላስብ ፈርሜ ነበር። ሐጂም ፈረሙ፤ ከጎኑ "ስምንት ልጆቼ ምስክሮቼ ናቸው" ብለው ጨመሩ። ጴንጤው ፈረመ። ወንደላጤው ሹፌር በትልቁ ፈረመ። ምሳ ሰዓት ስመለስ ወረቀቱ ሞልቷል። አንድ መስመር ብቻ ባዶ ናት። ከጎኗ ያለው ስም የዲስፓቸሯ ነው። ሹፌሮቹ ምሳቸውን ይዘው ወደ ባዶዋ መስመር ያያሉ፤ ከዚያ በመስታወቱ በኩል ሬዲዮ ላይ ወደተቀመጠችው ሴትዮ ያያሉ። እሷ ቀና አላለችም። ቅዳሜ ሳይደርስ ወሬው ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ሳሎን ሊገባ ነው።

ይህንን ያመጣው የማን አፍ እንደሆነ አስታዋሽ አላስፈለገኝም። ከመሳቢያ ቀይ ማርከር አወጣሁና ፊርማዬን ከዳር እስከ ዳር ሰረዝኩት።

"ምን እያደረግክ ነው?" አለ አለቃ ከበሩ።

"ሐሳቤን ቀየርኩ። እጠቀማለሁ።"

"ምኑን?"

"ገጽ ሠላሳ ስምንትን።"

"አንተ ወንድ ነህ!"

"ታዲያ? ወንድ አይጨነቅም ያለው ማን ነው?"

"ሚስትህ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው እኮ!"

"በጾም ቀን የሰው ሚስት ዕድሜ አትቁጠር።"

"ዛሬ ሐሙስ ነው!"

"ለነገ እያስጠነቀቅኩህ ነው።"

ሐጂ ወደ መስታወቱ አየት አደረጉ፣ ወደ እኔ አየት አደረጉ። የሰባ ዓመት ሰው ናቸው፤ ሁለቴ አይነገራቸውም። ዳቦዬን ያዝልኝ ብለው ለወንደላጤው ሰጥተው ተነሡና ማርከሩን ከእጄ ወሰዱ።

"እኔም ልሰረዝ።"

"ሐጂ! እርስዎ ደግሞ?" አለ አለቃ።

"ልጄ፣ የአላህ ሥራ አይታወቅም። ዘጠነኛው ቢመጣስ?"

ጴንጤው "እኔም ጸልዬበት ነበር፤ መልሱ አሁን መጣልኝ" ብሎ ሰረዘ። ወንደላጤው ሚስት ቀርቶ ቋሚ አድራሻ የለውም፤ "ለወደፊቱ" አለና ሰረዘ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወረቀቱ ቄራ መሰለ። አንድም ፊርማ አልተረፈም። ጠቅላላ ሂሳቡ ሲታይ በዓለም ላይ የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚወስዱ አሥራ አራት ወንድ ሹፌሮች የተሰበሰቡበት ብቸኛ መሥሪያ ቤት ሆንን።

አለቃ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ይሳደባል ብዬ ነበር። ቀስ ብሎ "ትቀልዳለህ" አለኝ። "ቀልድ። በዚያኛው ዓለም ስጠየቅ ግን አንተ አስተርጓሚ ሆነህ አትመጣልኝም።"

ሰውዬው እውነቱን ነው። ዲስፓቸሯ ሦስተኛዋን ስትወልድ ሳምንት ሙሉ ሱባዔ የያዘላት፣ በሕይወት ከወጣች ብሎ የተሳለላት እሱ ነው። እንድትኖር ከእሱ በላይ የለመነ የለም። ለመኖር ምን እንደሚያስፈልጋት ግን አያውቅም፤ ልነግረው ደግሞ አልችልም፤ ምስጢሩ የእኔ አይደለም።

ብዙ ካሰበ በኋላ ብድግ አለ። "ሽማግሌ እልካለሁ።"

"ለማን?"

"ለኢንሹራንሱ።"

ይህን አሜሪካዊ አያደርገውም። አሜሪካዊ ጠበቃ ይይዛል፣ ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ ቴሌቪዥን ላይ ይወጣል። እኛ ግን ከሚስት ጋር ብንጣላ ሽማግሌ፣ ከጎረቤት ጋር ብንጣላ ሽማግሌ፤ ኢንሹራንስ ምን ልዩ ያደርገዋል? ሦስት ሆንን፦ አባ፣ ሐጂ እና እኔ። እኔ የተመረጥኩት በአስተርጓሚነት እንጂ በሽበቴ አይደለም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አባን ከሥራ ቦታቸው አነሣናቸው። አባ ከሰኞ እስከ ዓርብ ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ትኬት ይቆርጣሉ። የሐበሻ ሹፌር ሁሉ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ መስቀል ሳይሳለም ስለማይወጣ፣ ከኋላ ያለው ፈረንጅ ጡሩንባ እየነፋ ሰልፉ አንዳንዴ እስከ ባሕሩ ይደርሳል። በቀሚሳቸው ላይ የሚያብረቀርቀውን ቢጫ ሰደርያ እንደለበሱ ገቡ። ሐጂ ከጎናቸው ነጭ ቆባቸውን አድርገዋል። አለቃ የዊልቸር ማሰሪያው ያለበት ኋላ ላይ ተቀምጦ መዝሙር በጆሮው ሰክቷል። ተበዳይ ሽማግሌ መሐል አይገባም፤ ደንብ ነው።

መንገድ ላይ አባ "ከወረቀቱ የማን ፊርማ ጎደለ?" አሉኝ።

"የሁሉም፣ አባ። አንድም አልቀረ።"

"ተመስገን" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ሌላ አልተናገሩም። ሊናገሩም አይችሉም፤ ንስሐ የሰማ ካህን አፉ ተቆልፏል። እኔም ተቆልፌያለሁ። በዚያ ቫን ውስጥ ምስጢሩን የሚያውቅ ሁለት፣ የማያውቅ ሁለት፤ ሁላችንም የኢንሹራንሱ ቢሮ ወዳለበት ወደ ኖርዝጌት።

የኢንሹራንሱ ወኪል ሴት ወጣት ናት፤ ፈገግታዋ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ነው። "ተቀመጡ" አለች። ሐጂና አባ በር ላይ ቆሙ።

"ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም በላት" አሉኝ ሐጂ።

አልኳት። ልጅቷ ወንበሮቹን አየች፤ ደነገጠች። ሮጣ ሄዳ ስፖንጅ ያላቸው ሌላ ሁለት ወንበሮች አመጣች። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተሽከርካሪ ወንበር አመጣች። አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። በመጨረሻ ላብ በላብ ሆና እሷ ራሷ ለወገቧ የምትቀመጥበትን ትልቅ ሰማያዊ የስፖርት ኳስ እያንከባለለች አመጣች። አባ ኳሱን አይተው አማተቡ።

"ኧረ ንገራት፤ ልጅቱን አስጨነቅናት" አሉኝ።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ እኛ ለክፉ አልመጣንም። ሰው ከሰው፣ አገር ከአገር ተዋውቆ ይኖራል። ፈጣሪ ሰማይን ያለ ምሰሶ ባቆመ ጊዜ..." ከሰማይ ጀምረው ስካይዌይ እስኪደርሱ ቡና ተፈልቶ ይጠጣ ነበር። "...እናም አንድ ወንድማችን ተጨንቋል። ያቺ ገጽ እሱ ሳያያት፣ ሳይሰማት፣ እጁ ሳይነካት እንድታልፍ ነው ልመናችን። ለሚፈልጋት ግን እንዳትቀርበት።"

እኔ ይህን በእንግሊዝኛ፣ "ባለቤቱ ሃይማኖተኛ ነው፤ እሱ መክፈል አይፈልግም፤ ሠራተኛው ግን ይፈልጋል" አልኳት።

"ኦ!" አለች ልጅቷ፤ ፈገግታዋ ተመለሰ። "ለእሱማ ፎርም አለ!"

አስረዳችኝ። አሠሪው ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም ብሎ ይፈርማል። ከዚያ በኋላ ያንን ገጽ ኩባንያው ራሱ ከሠራተኛው ጋር በቀጥታ ይጨርሳል፤ ወጪውም የኩባንያው ነው፤ ቤት የሚላክ ሂሳብ የለም። አሠሪው ማን እንደተጠቀመ አይነገረውም። ለሐጂ ተረጎምኩላቸው።

"ሰጠችን ማለት ነው?" አሉ።

"ሰጠችን።"

ሐጂ ስፖንጁ ላይ ተቀመጡ። አባም ተቀመጡ። ልጅቷ ኢንሹራንስ ሸጣ እንደዚያ ተደስታ አታውቅም። እስከ በሩ ሸኘችንና ሰዓቷን አይታ "ፎርሙ ግን ተፈርሞ እስከ አምስት መድረስ አለበት" አለች፤ በእኛ አሥራ አንድ።

ድሉን ይዘን ቫን ውስጥ ገባን። አለቃ መዝሙሩን ነቀለ፤ ፎርሙን አነበበ፤ ግንባሩ ተሸበሸበ።

"ሶ፣ ልረዳ" አለ። "ካልፈረምኩ ማን ይሰጣል?"

"አንተ።"

"ከፈረምኩ?"

"እነሱ።"

"እኔ ስለፈረምኩ?"

"አዎ፣ አንተ ስለፈረምክ።"

"ታዲያ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ አይደለሁም ወይ? አልሰጥም ብዬ ስፈርም፣ ስጡ ማለቴ ነው!"

ሐጂ "ሱብሃነላህ" አሉና ቆባቸውን አወለቁ። ሰዓቱ አሥር ተኩል ሆነ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፤ ባቡሩ በላያችን ያልፋል፤ አለቃ ፎርሙን ይገለብጣል። ብፈርም ኃጢአት፣ ባልፈርም ኃጢአት፣ ካንስል ባደርገው አሥራ አምስት ቤተሰብ ሜዳ ላይ። እኔ ሁለተኛውን ሰኞ አስባለሁ። ቀልድ ፈለግሁ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አልመጣልኝም።

አባ ቢጫ ሰደርያቸውን አስተካከሉ። "ልጄ፣ ያ ጥቁሩ ማይክሮዌቭ አሁንም አለ?"

"አለ፣ አባ።"

"ትላንት ምን ሞቀበት?"

"እኔ ምን አውቄ?"

"አልጠየቅክም?"

"የሰው ምሳ እጠይቃለሁ እንዴ፣ አባ!"

"መብራቱ ያንተ ነው።"

"ነው።"

"ታዲያ ለምን ወረቀት ለጥፈህ 'በጥቁሩ የማይጠቀም ይፈርም' አላልክም?"

አለቃ ፎርሙን አጠፈው፤ መልሶ ዘረጋው።

"በምሳው ያላፈርከውን ሰው በጓዳው ለምን ታሳፍረዋለህ?" አሉ አባ። "አንተ የፎርሙ ፊርማ ያስጨንቅሃል። እኔን ያስጨነቀኝ የፍሪጁ ፊርማ ነው። በዚያ ወረቀት ምክንያት አንድ ሰው አልቅሶ ቢሆንስ?"

አለቃ ቀና አለ። "ያለቀሰ ሰው አለ እንዴ?"

አባ ወደ መስኮቱ ዞሩ። "እኔ ምን አውቄ" አሉ።

እኔም ወደ እኔ መስኮት ዞርኩ። ሐጂ ከኪሳቸው መሐረብ አወጡ፤ ለማን እንደሆነ አላወቁም፤ መልሰው አስገቡት። አለቃ ፎርሙን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ ቆየ። ስንት ጊዜ እንደሆነ ብትጠይቁኝ አንድ ዓመት እላለሁ፤ ሰዓቱ ግን ሦስት ደቂቃ ይላል።

"ምን ላድርግ፣ አባ?"

አባ መስቀላቸውን አወጡ። "ሃይማኖትህ የማይፈቅደውን አልፈቅድም በል፤ ፈርም፤ እውነትህን ነው። የቀረውን ግን ገዝቼሃለሁ። ገጽ ሠላሳ ስምንትን ከዛሬ ጀምሮ አታነባትም። ማን እንዳነባትም አትጠይቅም። ወረቀት አትለጥፍም።"

በሕይወቴ ብዙ ግዝት ሰምቻለሁ። የኢንሹራንስ መጽሐፍ ገጽ ሲገዘት ግን ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። አለቃ ጎንበስ ብሎ ተሳለመ። ከትከሻው ላይ ቫን የሚያህል ነገር ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህንንም ጽሑፍ ሊያነብ አይችልም፤ ገጹ ተጠቅሶበታል። በነፃነት የምጽፈው ለዚያ ነው።

"አንተንም" አሉኝ አባ።

"እኔን ደግሞ ምን አድርጌ?"

"በዜማ አንብበሃል። አርባ ቀን በምሳ ሰዓት ቀልድ የለም።"

"አባ! ስግደት ይሁንልኝ! ሺህ ስግደት!"

"አርባ ቀን።"

የሚደገፍበት ስለጠፋ አለቃ ፎርሙን የፈረመው በሐጂ ጀርባ ላይ ነው። ሐጂ ዝናብ ውስጥ ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ ብለው "ቶሎ በል፣ ጉልበቴን ኢንሹራንሱ ገና አልሠራውም" ይላሉ። የአንድ ኦርቶዶክስ የሃይማኖት ተቃውሞ በአንድ ሐጂ ጀርባ ላይ ተፈርሞ፣ ልጅቷ ልትዘጋ ቁልፍ ስትፈልግ ይዤው ደረስኩ።

ሁለተኛው ሰኞ መጣ። ዲስፓቸሯ ወደ አለቃ ቢሮ ገብታ "ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል እፈልጋለሁ" አለችው።

"ወዴት ል..." አለና አፉን በሁለት እጁ ያዘ። "አልጠየቅኩም! አልጠየቅኩም!" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እዚያው እንደዞረ "ሂጂ" አላት። በሩ ጋ ስትደርስ ደግሞ፣ አሁንም ለግድግዳው፣ "እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን" አለ። ምን ያህል እንደገባው አላውቅም። ግዝት ነውና አልተጠየቀም።

ሬዲዮውን ለእኔ ሰጡኝ። ሰው ማዘዝ ቀላል ይመስለኝ ነበር። በመጀመሪያው ሰዓት ሁለት ቫን አንድ ሰው ለማንሣት ተላኩ፤ ሦስት ሰው የሚያነሣው ጠፋ። በሁለተኛው ሰዓት ኩላሊት የሚታጠቡ ሽማግሌ ዓይን ክሊኒክ ደርሰው በትሕትና መነጽር ተለክቶላቸው ወጡ። በሦስተኛው ሰዓት ጴንጤው ከሌክ ሲቲ ደውሎ ስለ እኔ እየጸለየ መሆኑን ነገረኝ። ምሳዬን ልጀምር ስል የመጣው መዓት መክሰስ ደርሶም አልቆመም።

በሩ ተከፈተ። እጅጌዋን እስከ መዳፏ ስባ፣ አንድ ክንዷን ጠጋ አድርጋ ይዛ ገባች። ካፖርቷን ሳታወልቅ በትከሻዬ ላይ የስምሪት ሰሌዳውን አነበበችው።

"ጋሼ" አለች።

ዘወር አላልኩም። ሁለተኛ ብትል ብዬ።

"ጋሼ፣ ሌክ ሲቲ ያሉትን እናት ለምን ጥርስ ሐኪም ቤት ላኳቸው? ሴትዮዋ እኮ አንድም ጥርስ የላቸውም። በሉ ተነሡልኝ ከወንበሬ።"

ለዚህ ቢያንስ ሰባት መልስ ነበረኝ። አንዱ በተለይ ቤቱን የሚያፈርስ ነበር። ግን ምሳዬ ገና አልተነካም፤ አርባውም ቀን አላለቀም። ምላሴን ነክሼ ተነሣሁና ሽሮዬን ይዤ ወደ ነጩ ማይክሮዌቭ ሄድኩ።